ቆሜ ለመስገድ

ይህን የምጽፈው ልጃቸውን ብብቱን ይዘው ሲያቆሙት ተረከዙ መሬት አልነካ እያለ በጣቶቹ ጫፍ ለሚንጠለጠልባቸው እናትና አባቶች ነው። እኛን ቀድሞ የነገረን ሰው አልነበረም። ባለማወቅ ያለፉብን ዓመታት አሉ፤ እነሱን የሚመልስልኝ የለም። በሌላ ልጅ ላይ እንዳይደገሙ ግን የደረሰብኝን እንዳለ ልናገር።

ኢድሪስ እባላለሁ። ዕድሜዬ ሃያ አንድ ነው። ከሚሴ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙ በማትርቅ ጠባብ ሱቅ ሞባይል እጠግናለሁ። ከጠረጴዛዬ ኋላ ተቀምጬ ስለሚያገኙኝ አብዛኞቹ ደንበኞቼ እግሬን አያውቁትም። ተነስቼ ስሄድ ያዩኝ ደግሞ መኪና ገጭቶኝ እንደሆነ ይጠይቁኛል። መኪና አልገጨኝም። ከውልደቴ ጀምሮ ነው።

እናቴ ፋጡማ እንደምትለው ምጡ ሁለት ቀን ፈጅቷል። ስወጣ አላለቀስኩም፤ መልኬም ጠቁሮ ነበር። አዋላጇ ደረቴን አሽታ አሽታ ነው ድምፅ ያሰማሁት። ቤተሰቡ «አልሐምዱሊላህ፣ ተርፏል» አለ፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ። እኩዮቼ ሲቀመጡ እኔ አልተቀመጥኩም፤ ሲድሁም አልዳህኩም። እናቴ ጨርቅ ልትቀይርልኝ ስትል ጭኖቼ እንደ መቀስ እየተቆላለፉ አልላቀቅ ይሏት ነበር።

አንድ ክሊኒክ ውስጥ የካልሲየም እጥረት ነው፣ ፀሐይ አሙቂው ተባለች። ጠዋት ጠዋት እግሬን ቅባት ቀብታ ደጃፉ ላይ ታስተኛኝ ጀመር። በዚህ ዓመት አለፈ። ሌላ ቦታ ፖሊዮ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ መርፌ ታዘዘልኝ፤ እሱም አለቀ። ከዚያ ወጌሻ መጣ። ጉልበቴን ረግጦ እግሬን ሲጎትት የጮህኩትን ጎረቤቶቻችን እስከ ዛሬ ያወሩታል። ዐይን ነው ያሉም ነበሩ፤ ሼህ ዘንድ ተወስጄ ቁርኣን ተቀራልኝ። በዱዓው አንጸጸትም፤ አንጀታችንን ያራሰው እሱ ነበር። የሚቆጨኝ ከዱዓው ጎን መሠራት የነበረበት ሥራ ሳይሠራ መቅረቱ ነው።

የእግሬን ነገር በትክክል መጀመሪያ ያየው አባቴ ነው። አባቴ ሰይድ የከብት ነጋዴ ነው፤ እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ይውላል። አንድ በሬ ሲራመድ አይቶ የትኛው እግሩ እንደሚያመው መለየት እንጀራው ነው። አራት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ አንድ ቀን ከገበያ ተመልሶ «ኮቱ ኢልመ ኮ፣ ና ልጄ» ብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠኝ። የእግሬን ፊት በመዳፉ ይዞ ቀስ እያለ ወደ ላይ ገፋው፤ ተረከዜም ቀስ እያለ ወረደ። ሲለቀው እንደ ጎማ ተመልሶ ተሰበሰበ። ደጋገመው። ከዚያ ለእናቴ አጥንቱ ደህና ነው፣ ከኋላ የሚስበው ጅማት ነው አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ «ይዘገያል እንጂ ይሄዳል» የሚሉትን ሰዎች መስማት ተወ።

ደሴ ለእንዲህ ዓይነት ልጆች ሕክምና እንዳለ የነገረችን የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። አምስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኝ ነበር። በሚኒባስ፣ በእናቴ ጭን ላይ ሆኜ ሄድን። የከሚሴ ሙቀት ኮምቦልቻ ድረስ ሸኘንና ጠመዝማዛውን ስንወጣ ብርዱ ተቀበለን።

የመጠበቂያው ኮሪደር ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር ነበረው፤ በሁለቱም ላይ እንደ እኔ እግራቸው የሚቆላለፍ ልጆች ተቀምጠው ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ያለ እግር ያለኝ በዓለም ላይ እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ልጆቹን አንድ በአንድ አየኋቸው፤ እነሱም አዩኝ። ከጎናችን የተቀመጠች ሴት ከያዘችው ቆሎ ለእናቴ ዘገነችላት። ሳንጠይቃትም የልጇን ጫማ አውልቃ ውስጡ ያለውን ነጭ ፕላስቲክ አሳየችን። ከእግሩ ሥር ተነስቶ ተረከዙን አቅፎ ከጉልበቱ ዝቅ እስከሚል ድረስ ባቱን ከኋላ የሚደግፍ ነገር ነው። «በዚህ ነው የቆመልኝ» አለች። የዚያን ቀን ወረፋ እስከ ከሰዓት ድረስ አልደረሰንም፤ እናቴ ግን ዐይኗን ከዚያ ልጅ እግር ላይ አላነሳችም።

የተቀበለችን ሰናይት የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። አባቴ «ዶክተር» ይላት ነበር፤ ዶክተር አይደለሁም ብትለውም አልተወም። ምንጣፍ ላይ አስተኝታ እያንዳንዱን መገጣጠሚያዬን አጠፈች፣ ዘረጋች። ከዚያ ወላጆቼን አስቀምጣ ስሙን ነገረቻቸው፦ ሴሬብራል ፓልሲ። ሲወለድ አየር አጥሮት ጡንቻን የሚያዘው የአንጎሉ ክፍል ተጎድቷል፣ ጉዳቱ ከእንግዲህ አይጨምርም፣ ግን አይጠፋም አለቻቸው። እግሩ ራሱ አልታመመም፤ የሚደርሰው ትእዛዝ ነው የተዛባው።

አባቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ።

«ይሄዳል ወይ?»

«ቃል አልገባልዎትም፣ ጋሽ ሰይድ» አለችው። «አሁን የሚቆምበት ተረከዝ የለውም። መጀመሪያ የሚቆምበትን እንስጠው፤ ከዚያ እሱ ራሱ ያሳየናል።»

እናቴ አለቀሰች። በኋላ ስትነግረኝ ያስለቀሳት ሐዘን አልነበረም። ከአምስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የማያውቀውን አላውቅም የሚል ሰው ስላገኘች ነው።

ያን የፕላስቲክ ድጋፍ የሚሠራው ባለሙያ እግሮቼን በስስ ካልሲ ሸፍኖ በረጠበ የጀሶ ፋሻ ጠቀለላቸው። ጀሶው እየደረቀ ሲሄድ ይሞቃል፤ ያ ሙቀት እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ሲደርቅ ቀዶ አወጣውና የእግሮቼ ቅርጽ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። በዚያ ልክ ፕላስቲኩ ተሠርቶ እስኪደርስ ከሚሴ ተመልሰን ጠበቅን። ያን ጊዜ በየቀኑ አባቴን መቼ እንደምንሄድ እጠይቀው ነበር። የናፈቀኝ ፕላስቲኩ አልነበረም፤ ቁመቴን ማየት ነው። ስንት እንደምረዝም አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ሰናይት ሁለቱንም አጥልቃልኝ፣ በላዩ ሰፋ ያለ ጫማ አድርጋልኝ፣ በሁለት ብረቶች መካከል አቆመችኝ። ተረከዜ ታች ነበር። መሬቱ ከሥር ወደ ላይ የገፋኝ መሰለኝ። እናቴን ቀና ብዬ አየኋት፤ ከወገቧ በላይ ደርሻለሁ። ምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም፤ ጉልበቴ ሲከዳኝ ሰናይት ያዘችኝ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። አላለቀም።

ቤት በገባን በሁለተኛው ሳምንት የቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ቀልቶ ውሃ ቋጠረ። ፕላስቲኩ ሲገባ እጮህ ጀመር። አባቴ በገበያዎቹ መካከል ይመላለስ ስለነበር ጩኸቱን የምትሰማው እናቴ ብቻ ናት። አንድ ቀን አወለቀችልኝና ቁምሳጥን ላይ አወጣችው። ቁስሉ እስኪድን ብላ ነበር። ቁስሉ ዳነ፤ እሷ ግን መልሳ ልታደርግልኝ አንጀቷ እምቢ አለ። አባቴ ሲመጣ አጥልቃልኝ፣ ሲወጣ ታወልቀዋለች። እኔም ምስጢሩን ጠበቅሁላት፤ ስላላመመኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰባት ወር እንዲህ አለፈ።

አባቴ አንድ ሰኞ ገበያው ተበትኖ ከባቲ ቀድሞ ተመለሰና በባዶ እግሬ አገኘኝ። እግሬን አንስቶ እንደ ድሮው ገፋው። ተረከዜ አልወረደለትም። ሲቆጣ ድምፁን የሚያነሳ ሰው አይደለም፤ እናቴን ለምን ዋሸሽኝ ብቻ ነው ያላት።

«አንተ የምትመጣው እሱ ሲተኛ ነው» አለችው። «ሲጮህ የምሰማው እኔ ነኝ። በእጄ እያሰቃየሁት እስከ መቼ?»

ለቀናት አልተነጋገሩም። እኔ በመካከላቸው ተቀምጬ ነገሩ ሁሉ በእኔ እግር እንደመጣ ገብቶኝ ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ ይህ አይገባውም የሚል ካለ ተሳስቷል።

ደሴ ስንመለስ እናቴ ስድብ ጠብቃ ነበር። ሰናይት አልተቆጣችም። ፕላስቲኩን ተቀብላ ቁርጭምጭሚቴን የሚነካውን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረገችበትና ወደ ባለሙያው ወሰደችው። እሱ በሞቀ አየር አለስልሶ ትንሽ ወደ ውጭ ገፋው። ሻይ የመጠጣት ያህል ጊዜ እንኳ አልወሰደም። እናቴ አይታ ለዚህ ነው ሰባት ወር የጠፋው ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ወላጆች ሆይ፣ ከጻፍኩት ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ። ድጋፉ ሲወልቅ ቆዳው ላይ ቅላት ቢታይና ከግማሽ ሰዓት በኋላም ካልጠፋ፣ ወይም ልጁ ከቆሰለ፣ ወደ ሠራው ሰው መልሱት። ይስተካከላል። ቁምሳጥን ላይ አታውጡት። እናቴ ሰነፍ አልነበረችም፤ በጣም ስለምትወደኝ ነው ያወለቀችው፤ ይህን ሁሌም እነግራታለሁ።

ከዚያ በኋላ አባቴ በግቢያችን በሁለት ወገን ባሕር ዛፍ ቸክሎ በእጄ የምይዘው መደገፊያ ሠራልኝ። ጠዋትና ማታ በመካከሉ እመላለሳለሁ፤ እሱ ካለ ከፊቴ ወደ ኋላ እየሄደ «ሱታ፣ ሱታ፣ አትቸኩል» ይለኛል። ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ እጄን ለቅቄ አራት እርምጃ ተራመድኩ። በዘጠኝ ዓመቴ በክራንች እስከ መንገዱ እሄድ ነበር።

ሰው የሚናፍቀው ከአንዱ ሲደርስ ሌላውን ነው። አባቴ ጁምዓ ጁምዓ ወደ መስጂድ ይዞኝ ይሄዳል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ድጋፉ ያለ ጫማ ምንጣፍ ላይ ይንሸራተታል፤ ያለ ድጋፍ ደግሞ አልቆምም። ስለዚህ አቅፎ ያስገባኝና ከኋላ ግድግዳውን አስደግፎ ያስቀምጠኛል፤ እሱ ወደ ፊት ይሄዳል። ሰዎቹ ትከሻ ለትከሻ፣ እግር ለእግር ገጥመው ሶፍ ሲይዙ እኔ የማየው ጀርባቸውን ነው። የአባቴን ጀርባ ከሁሉም እለየዋለሁ። ከጎኑ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ልጅ ይቆማል። ያን ልጅ እጠላው ነበር፤ አላህ ይማረኝ።

አንድ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ከጎኑ መቆም እንደምፈልግ ለአባቴ ነገርኩት፤ ወደ ቤት ከመሄድ ይልቅ ወደ ሼሁ ወሰደኝ። ሼሁ ረጅም ዕድሜ ያላቸው፣ ሲናገሩ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም የሚቀላቅሉ ሰው ናቸው። ተቀምጦ የሚሰግድ በሽተኛ ሶላቱ ሙሉ ነው፣ ከቆመው ምንም አይጎድልበትም አሉኝ።

«ቆሜ መስገድ ናፍቆኝ ነው» አልኳቸው።

እግሬን አዩት። ከዚያ እግርህን ታጥበህ፣ ድጋፉን አድርገህ፣ ውጭ ያልተረገጠበት ንጹሕ ጫማ ተጫምተህ ግባ፤ የቻልከውን ያህል ቁም፣ ሲያቅትህ ተቀመጥ አሉኝ። ለአባቴ ደግሞ ጫማውን ለመስጂድ ብቻ እንዲያደርገው ነገሩት። አባቴ በማግስቱ ጥቁር የሸራ ጫማ ገዛልኝ። ከድጋፉ ጋር እንዲገባ ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ነበር። ለኢዱ ለመድረስ ግቢ ውስጥ ያለ ክራንች ቆሞ መቆየት መለማመድ ጀመርኩ።

ኢዱ ሳይደርስ መንገዱ ተዘጋ። የእኛን አካባቢ የሚያውቅ መንገድ መዘጋት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ዝርዝሩ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። መኪና ወደ ደሴ አይወጣም፣ ከደሴ አይወርድም። እኔ ግን ማደጌን አላቆምኩም። ጣቶቼ ከፕላስቲኩ ጫፍ አልፈው ወጡ፤ ባቴን የሚያስረው ማሰሪያ አልደርስ አለ። እናቴ ይህን ጊዜ አላወለቀችም፤ ጠዋትና ማታ እግሬን እየሳበች ታለማምደኝ ነበር። በመጨረሻ ፕላስቲኩ በቀኝ በኩል ተሰነጠቀ። ተረከዜ እንደገና ከመሬት ተነሳ። አንድ ኢድ አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ጫማው አዲስ እንደሆነ ካርቶኑ ውስጥ ተቀምጧል፤ እኔ ከግድግዳው ሥር ነኝ። በእነዚያ ወራት የሆነ ነገር ውስጤ ደንዝዞ ነበር። ተስፋ መቁረጥ ሲጠብቁት በጩኸት የሚመጣ ይመስላል። የእኔ የመጣው መስጂድ ልሂድ ማለትን በመተው ነው።

መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው ሳምንት ወጣን። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ሰናይት እግሬን ይዛ ደጋግማ ገፋችው፤ ተረከዜ አልወረደም። ጅማቱ እንዳጠረ፣ በዚህ ሁኔታ አዲስ ድጋፍ ቢሠራም እንደማይገባልኝ ነገረችን። መጀመሪያ እግሬ በጀሶ ታስሮ በየሳምንቱ እየተፈታ፣ ትንሽ ትንሽ እየተዘረጋ እንደገና መታሰር አለበት። ካልሆነ የሚቀረው ቀዶ ጥገና ነው። ደሴ የአክስቴ ቤት ስድስት ሳምንት ከረምን። እናቴ ታናናሾቼን ከሚሴ ጥላ ነው ከእኔ ጋር የቆየችው። ጀሶው ሲፈታ በየሳምንቱ ሰናይት በመለኪያ ትለካና ቁጥሩን ለእናቴ ታሳያታለች። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ግን የመለኪያው ክንድ የት እንደነበረና የት እንደደረሰ በጣቷ ትይዘው ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት ተረከዜ ወረደ። አዲስ ድጋፍ ተሠራልኝ። ጥቁሩ ጫማ ግን ጠቦኝ ነበር፤ አባቴ ምንም ሳይል ሌላ ገዛ።

ቆሜ የሰገድኩት በኢድ ቀን አልነበረም፤ በጁምዓም አልነበረም። ማክሰኞ የዙህር ሶላት ነው፤ መስጂዱ ውስጥ ሦስት ሶፍ የማይሞላ ሰው ነበር። አባቴ ክራንቼን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ክንዴን ያዘኝና መጨረሻው ሶፍ ጠርዝ ላይ፣ ከእሱ በስተግራ አቆመኝ። ከዚያ ለቀቀኝ። «አላሁ አክበር» ሲባል እጄን አነሳሁ። የአባቴ እግር ትንሿ ጣት የጫማዬን ጎን ነካች። ትከሻዬ ክንዱ ላይ ደረሰ።

ከዙህር አራት ረከዓ አንዱን ቆሜ ሰገድኩ። ሁለተኛው ላይ ጉልበቴ ከዳኝና ተቀመጥኩ፤ የቀረውን ተቀምጬ ሰገድኩ። አሰላመትን፤ ሶላቱ አለቀ። ከመስጂዱ ወጥተን ባጃጅ ስንጠብቅ አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«ስትቆም ምን ያህል እንደምትረዝም አላውቅም ነበር» አለኝ።

ይህን ሲያነብ አንዳንዱ ዳነ ይል ይሆናል። አልዳንኩም። ድጋፉ አያድንም፤ ያቆማል። ዛሬም ጠዋት ስነሳ እግሬ እንደ እንጨት ነው። ድካም ሲበዛብኝ እወድቃለሁ፤ ብርድ ሲሆን ጡንቻዬ ይተሳሰራል። ሩጫ አላውቅም። ልጆች ከቦርከና ወንዝ ወጥተው ባዶ እግራቸውን አሸዋው ላይ ሲያራግፉ ሳይ የሚነካኝ ነገር አለ፤ እኔ ከፕላስቲኩ ውጭ መሬት ረግጬ አልሄድኩም። ይህ ናፍቆት አብሮኝ ያረጃል መሰለኝ። ግን ሱቄን በእግሬ እከፍታለሁ፤ በእግሬ ዘግቼ እገባለሁ።

ባለፈው ዓመት ድጋፌን ለማስቀየር ደሴ ብቻዬን ሄድኩ። እናቴ አብሬህ ካልሄድኩ አለች፤ እምቢ አልኳት። የደሴን ዳገት ታውቁታላችሁ። ሚኒባሱ ካወረደኝ ቦታ እስከ ሆስፒታሉ በር ሦስት ጊዜ አርፌ ወጣሁትና ደወልኩላት።

«ደረስህ?» አለችኝ።

«ደረስኩ።»

«ዳገቱን በባጃጅ ነው?»

«በእግሬ ነው፣ እማ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። «ያን ዳገት ስንቴ አዝዬህ ወጥቻለሁ። አላህ ያውቃል፣ ስትሄድልኝ ለማየት ነው የኖርኩት። ዛሬ ግን ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ጀርባዬ ላይ የነበረው ሙቀትህ ናፈቀኝ።»